ክብራን ዳር ቁጭ ብዬ ያየሁት

ጣና ሐይቅ ላይ፣ ባሕር ዳር አጠገብ ካለች ደሴት፣ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። ይህን የማያውቅ የባሕር ዳር ልጅ የለም። እኔም ቅር ብሎኝ አያውቅም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ከእኔም ከአያቶቼም በፊት የኖረ። ብቻ እንግዳ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ወንዶቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እኔ ጀልባው ላይ እቀራለሁ። አንዳንዴ አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ። አባቶች የብራና መጻሕፍቱን ማሳየት ከጀመሩማ ቶሎ የሚመለስ የለም።

ድሮ ይህን ጊዜ በስልኬ ነበር የምገፋው። ፎቶ እመርጣለሁ፣ መልእክት እመልሳለሁ። አንድ ጥር ላይ ግን አንድ ሰው ከውኃው ላይ ሰላም አለኝ። ቀና ስል እንጨት የተከመረበት ታንኳ ነው። ከጭነቱ ብዛት ከውኃው እኩል ሆኗል። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ከክምሩ ጀርባ ተቀምጠው በረጅም ዘንግ ይቀዝፋሉ። ነፋስ ስለተነሳ የደሴቷን ጥግ ይዘው ሊያርፉ ነው የተጠጉት።

«እንደምን አደርሽ ልጄ።»

«እግዜር ይመስገን። እንደምን አደሩ አባቴ? መቼ ተነሱ?»

«ዶሮ ሳይጮህ።»

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ተኩል ሆኗል። ሐይቁ ውስጥ ገባ ካለው ከዘጌ ምድር እንጨት ይዘው ባሕር ዳር ሊሸጡ ነው። እኛ በሞተር ቡና እየጠጣን የመጣንበትን ውኃ እሳቸው ሌሊቱን ሲቀዝፉት አድረዋል። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ቆሎ ሰጠኋቸው። ስለ ታንኳው ጠየቅኳቸው። ታንኳው የሚታሰርበት ደንገል፣ ያ ረጅም የሐይቅ ዳር ተክል፣ ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ነገሩኝ። ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መቆም አለበት። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ይበሰብሳል፣ ሌላ ይታሰራል።

ከዚያ ጠየቁኝ። «አንቺ የየት ልጅ ነሽ?»

«የባሕር ዳር። ሽምብጥ ነው ያደግኩት።»

«ታዲያ ታንኳ ሲታሰር አላየሽም?»

አላየሁም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ታንኳ በፖስተር ላይ አይቻለሁ፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ አይቻለሁ፣ ከሩቅ በፀሐይ መጥለቂያ ላይ ሲያልፍ ፎቶ አንስቻለሁ። ሲታሰር ግን አላየሁም። እንግዶቼ ከገዳሙ ወርደው ሲመጡ እሳቸው ሄደው ነበር። ወንዶቹ ስላዩት መጽሐፍ በደስታ ያወራሉ። እኔ በዓይኔ ያንን ታንኳ እፈልጋለሁ።

የባሕር ዳር ሰው እንግዳ ሲመጣበት የሚያደርገው የታወቀ ነው። ጠዋት ጀልባ ተከራይቶ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም። ሲመለሱ ክብራን። ከዚያ የዓባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ፍለጋ። ምሳ ሐይቁ ዳር አሳ። ከሰዓት ጢስ ዓባይ። ማታ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ጀንበር ስትጠልቅ ማየት። በማግስቱ እንግዳው ወደ ጎንደር ወይም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ። ጥሩ ቀን ነው። የዑራን ሥዕሎች አይቶ ያልተገረመ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ይህን ጉዞ ስንት ጊዜ እንደመራሁ አላስታውሰውም። ግን ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ነው። እኔ የማውቀው ሦስት ማረፊያ ብቻ ነበር። ጀልባው የሚቆምበትን አውቃለሁ፤ የሚያልፍበትን አላውቅም።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሚያልፍበትን ሳይ ነው የከረምኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ታንኳ ሲታሰር ለማየት ነው። ሩቅ አይደለም። እዚያው ከተማው ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ለዘመናት የኖረው ከውኃው አፍ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ታንኳ ማሰርን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰፈራቸው አጠገብ አልፌያለሁ። ገብቼ ግን «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ አላውቅም። ይህን ስጽፈው አፍራለሁ።

አንድ ወጣት ሰው ደረቅ ደንገል ዘርግቶ እየሠራ ነበር። ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆን ጠየቅኩት። ቀና ብሎ ትንሽ አየኝና «መጀመሪያ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ደንገሉ ለምለም ሆኖ ይታጨዳል፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ እስኪሄድ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ በነዶ በነዶ ይሆናል። ነዶው ከነዶ ጋር ሲታሰር እግሩን ደንገሉ ላይ ተክሎ በሙሉ ክብደቱ ገመዱን ወደ ኋላ ይስባል። ደንገሉ ይጮኻል። የፊተኛው ጫፍ ወደ ላይ ቀና እንዲል የሚያደርገው ሚስማር ወይም እንጨት የለም፤ ሁሉም አስተሳሰሩ ላይ ነው። በመጨረሻ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ሌላ ደረቅ ነዶ ከላይ ይደረጋል። ከታች ውኃ ቢገባም ሰውየው ደረቅ ላይ ይቀመጣል።

«ድሮ እዚሁ ነበር የሚታጨደው» አለኝ እጁን ወደ ዳርቻው ዘርግቶ። ያመለከተበት ቦታ ላይ አሁን ግንብ አለ። አሁን ደንገል ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ።

እምቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ የታየ ጊዜ አገር ሁሉ ተነሳ። ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጣቶች መጥተው ውኃ ውስጥ ገብተው ነቀሉ። ልክ ነበሩ፤ እኔም ኮራሁባቸው። ደንገሉ ሲጠፋ ግን የጮኸ ሰው አልሰማሁም። እምቦጭ መጥቶ ነው የሚታየው። ደንገል ግን ሄዶ ነው፤ የሄደ ነገር ደግሞ ዓይን ውስጥ አይገባም። አሳ እንቁላሉን የሚጥለው፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራው፣ ከማሳ የሚመጣው ደለል የሚጣራው በዚሁ ደንገልና ረግረግ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ ሲመዘግበው ከደሴቶቹና ከገዳማቱ ጋር ይህም ታስቦ ነው።

ሌላው ነገር፣ ብዙ ሰው ጣናን እንደ ጥልቅ ባሕር ያስበዋል። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ የተኛ ውኃ ነው። ስለዚህ ዳርቻው አንድ ቦታ አይቆምም። በክረምት ሜዳውን ይይዛል፣ በበጋ ይመለሳል። ውኃው ሲሸሽ ገበሬው እርጥቡን መሬት እየተከተለ ይዘራል፣ ከብቱም ሣሩን ይከተላል። እኔ ልጅ ሆኜ ሐይቁ እንደ ግድግዳ ድንበር ያለው ይመስለኝ ነበር።

ደብረ ማርያምን ያወቅኩት እንዲሁ ነው። ከከተማው ቅርብ ነች። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ ያለች ደሴት። የቱሪስት ጀልባዎች በአጠገቧ ያልፋሉ፤ ዓይናቸው ጉማሬ ላይ ነው። እኔ የሄድኩት ገበያተኛ በሚሻገርበት ነው። አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈዋል። ሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለዋል። አንድ ሰው የተገዛ አዲስ ድስት ጭንቅላቱ ላይ ደፍቷል። ማንም ፎቶ አያነሳም። ለእነሱ ይህ ታክሲ ነው።

ደሴቷ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለምኩ፤ እዚህ ሴትም ትገባለች። በማሳዎቹ መካከል ያለውን ቀጭን መንገድ ይዤ ዞርኩ። የሚታይ ልዩ ነገር ምንድነው ብትሉኝ መመለስ ይከብደኛል። ጎመን ነው። በቆሎ ነው። አጥር ላይ የተሰጣ መረብ ነው። ከተማው ከማዶ ይታያል፣ ድምፁ ግን አይደርስም። የምትሰማው ወፍና ውኃ ነው።

ስንመለስ ቀዛፊው በውኃው መካከል ቀዘፋውን አቆመ። የሆነ ነገር የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

«ዝም በይና እይ» አለኝ።

ጀልባዋ ቆመች። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ማንም ሳይነካት፣ አፍንጫዋን ወደ ደቡብ አዞረች። መሄድ ጀመረች።

«ያዘን» አለ። ዓባይ ማለቱ ነው።

ስለ ዓባይ ስንት ነገር ሰምቼ አድጌያለሁ። መዝሙሩ፣ ቅኔው፣ ፉከራው። ከሐይቅነት ወደ ወንዝነት የሚለወጥበትን ቦታ ግን በመቀመጫዬ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር። መስመር የለውም። ምልክት የለውም። ትንሽ ወረድ ብሎ ጫራ ጫራ የሚባለው የውኃ መቆጣጠሪያ አለ፣ ከዚያ ድልድዮቹ፣ ከዚያ እስከ ሱዳን፣ እስከ ግብፅ። እዚህ ግን አንዲት ትንሽ ጀልባ ቀስ ብላ መዞሯ ብቻ ነው።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሠራው፤ ጡረታ እስኪወጣ በሳይክል ተመላልሷል። ብዙ አይናገርም። ሰማኝና «እንፍራንዝንስ አይተሻል?» አለኝ።

በማግስቱ ሁለታችንም በሳይክል ወጣን። ባሕር ዳር ለሳይክል የተሠራች ከተማ ነች፣ ሜዳ ነች። ከከተማ ወጥተን በስተምዕራብ፣ በዘጌ አቅጣጫ። አስፋልቱ ቀረ። አባቴ ከፊቴ ነው። በሰባ ዓመቱ እየቀደመኝ ነው። ከዚያ ከመንገዱ ወጥተን ሳይክላችንን እየገፋን ሄድንና ውኃው ጋ ደረስን።

ምንጩን እንዴት ልንገራችሁ? ከመሬት ውስጥ ውኃ ፀጥ ብሎ ይወጣል። ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዳሩ ላይ ደንገል አለ፣ ከደንገሉ ባሻገር ከብት ይግጣል። እዚህ አካባቢ አሬቄና ሎሚ የሚባሉ ምንጮች አሉ። ከተማው ለዓመታት ሲጠጣ የኖረው ከእነሱ ነው።

«ይኼን እኮ ነው የምትጠጪው» አለኝ አባቴ። ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ቀዳ።

ልጅ ሆኜ ቧንቧችን ሲሄድ እናቴ «ጣና አጠገባችን ሆኖ ውኃ አጣን» ትል ነበር። እኔም የምንጠጣው ከጣና ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሐይቁ ጀርባ፣ ማንም እንግዳ ይዞ ከማይሄድበት ሜዳ ነው። ሻይ ያፈላሁበት፣ ልጄን ያጠብኩበት ውኃ ከዚህ የከብት ሜዳ ሥር ነው የሚነሳው። አባቴ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውኃው ዳር ባለው ሣር ላይ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። እኔም ዝም አልኩ። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ቀን ብዙ ያወራን አይመስለኝም፤ የተነጋገርነው ግን አሥር ዓረፍተ ነገር አይሞላም።

ወደ ዘጌ በየብስ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። በጀልባ የመጣ ሰው ከወደቡ ወደ ዑራ ይወጣል፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረዘረውን የቱሪስት ዕቃ ያያል፣ ሥዕሉን አይቶ ይወርዳል። ጫካውን የሚያየው እግረ መንገዱን ነው። እኔ ከአፋፍ መንደር ተነስቼ በጫካው ውስጥ በእግር ወደ ዑራ ወረድኩ። ጠዋት ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ከሥራቸው ቡና፣ ከቡናው መካከል ጌሾ። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ጥቂት እንደሄድኩ የጎደለ ነገር እንዳለ ተሰማኝና ቆምኩ። የበሬ ድምፅ የለም። ጅራፍ የለም። ጎጃም ውስጥ ሆኜ የሚያርስ ሰው ድምፅ ያልሰማሁበት ጠዋት ይህ ነበር።

ትውፊቱ እንዲህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት። አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ። በዚህ ምድር ትኖራላችሁ፣ በሬ ግን አትጠምዱም፣ መሬት አታርሱም ተባለ። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ቃል ነው። ይህን ታሪክ አስጎብኚዎች ሁሉ ይነግራሉ፤ እኔም ለእንግዶቼ ስነግር ኖሬያለሁ። ቃሉ በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን አንዲት የዘጌ እማማ ቤት ቡና ስጠጣ ነው።

ደጃፋቸው ላይ ቡና አስጥተው ነበር። ሰላም ስላቸው «ነይ አረፍ በይ» አሉኝ። ገባሁ። ቡናውን ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው፣ ወቅጠው እስኪያፈሉ ጊዜው ሄደ፤ ማንም አልቸኮለም። ከዳቤ ጋር ጠጣን። «ጤፉ ከገበያ ነው፣ ቡናው ከጓሮ» አሉኝ። ሰው ካላረሰ እህል መግዛት አለበት። እህል ለመግዛት ቡና ይሸጣል፣ ጌሾ ይሸጣል። እሱ ካልበቃ እንጨት ይሸጣል።

ያኔ ክብራን ዳር ያገኘኋቸው አባት ትዝ አሉኝ። ዶሮ ሳይጮህ የተነሱት ለዚህ ነበር። ጫካውን የሚጠብቀው ሕዝብ እህል የሚገዛው አንዳንዴ ከዚያው ጫካ በሚወጣ እንጨት ነው። እማማን ይህን ጠየቅኳቸው። ሲኒውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። «ቡናው ዋጋ ያወጣ ዓመት እንጨቱ አይነካም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዘጌን ቡና የምገዛው ከዘጌ ሰው እጅ ነው። እንግዳም ስወስድ ከሥዕሉ በፊት ቡና እናስቀድማለን።

ሌሎችም አሉ፤ ሁሉንም አላወራም። ጢስ ዓባይ የሄደ ብዙ ሰው አላታ ድልድይን ይረግጠዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ፏፏቴው ጋ ለመድረስ ሲጣደፍ ግን ቆሞ ከሥሩ የሚያይ ጥቂት ነው። በበጋ ፏፏቴው ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሄዶ ቀጥኖ ሲያገኙት ብዙዎች ተናደው ይመለሳሉ። ድልድዩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ገበሬው ከነአህያው ሲሻገር እዩ፤ ያ ዓመቱን ሙሉ አለ። ፏፏቴውን ሙሉ ሆኖ ማየት ለሚፈልግ ነሐሴና መስከረም ነው። ደራ ውስጥ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ ዋንዛዬ ፍል ውኃ አለ። እናቴ ጉልበቷን ስትታመም ወስጃት ነበር፤ ከየቦታው የመጡ እናቶች ጋር ወዳጅ ሆና ተመለሰች። ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በጭምባ ረግረግ ደግሞ በበጋ ክሬን የሚባሉት ባለረጅም እግር ወፎች ይሰበሰባሉ፤ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የሚመጡም አሉባቸው። አመሻሽ ላይ በአንድ ጊዜ ሲነሱ ድምፃቸው ሰማዩን ይሞላዋል።

ይህን ሁሉ መጻፍ እንዳለብኝ ለረጅም ጊዜ አላወቅኩም። የከተማውን ዳርቻ ያየ ሰው ይገባዋል። ልጅ ሆነን እግራችንን የምንነክርበት ቦታ አሁን አጥር አለው፤ ሐይቁን ለማየት አንድ ነገር ማዘዝ ግድ የሚልበት ቦታ በዝቷል። የውኃ ፕላስቲክ ደንገሉ ሥር ተጠራቅሞ አይቻለሁ። ነገ እንፍራንዝ ምንጭ ዳር ወንበርና ሙዚቃ ቢመጣስ? ግን ደግሞ ማንም ስለማያውቀው ነው ዝም ተብሎ የሚጠፋው። ያ ታንኳ የሚያስረው ወጣት ደንገሉ የት እንደሄደ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነግሮኛል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይሆንምና ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። የያዛችሁትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ። ለቀዛፊው ተገቢውን ክፈሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ተቀመጡ።

ባለፈው ጥር ደግሞ ክብራን ሄድን። ከባለቤቴ፣ ከወንድሙና ከስምንት ዓመቷ ልጄ ጋር። ወንዶቹ ወጡ። ልጄ ለምን እንደማንገባ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ትንሽ አኮረፈች። ከዚያ ከሩቅ ታንኳ አየችና ቆማ እጇን ማውለብለብ ጀመረች። ታንኳው የእኚያ አባት ይሆን ብዬ ዓይኔን አጥብቤ አየሁ። ሌላ ሰው ነው። እሱም እጁን አነሳላት።

ስንመለስ በዓባይ መውጫ በኩል አለፍን። ካፒቴኑን ሞተሩን እንዲያጠፋልን ለመንኩት። ጉማሬ አለመኖሩን ዞር ዞር ብሎ አየና አጠፋው። ፀጥ አለ። የባለቤቴ ወንድም «ምን ሆነ?» አለ።

«ዝም በልና እይ» አለችው ልጄ፤ መንገድ ላይ ነግሬያት ነበር። ሁለት እጇን በጀልባው ጠርዝ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። ውኃው ላይ አንዲት የደረቀች ደንገል ተንሳፋለች። እሷ ቀድማ ዞረች። ከዚያ እኛ።

«ያዘን!» ብላ ጮኸች።